በጉርሻ አባቴን ልገድለው ነበር!

በዚህ ገጽ የምታውቁኝ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናትና ስለ ባዶ ኪስ ስለፈልፍ ነው። ዛሬ ግን ስለ ጉሮሮ ላወራችሁ ነው። አዎ፣ ስለ ጉሮሮ! «ይሄ ልጅ ወሬ አለቀበት መሰለኝ» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ያላችሁ አንዴ ቆዩኝ። እስኪ እያነበባችሁ ምራቃችሁን ዋጥ አድርጉ። ዋጣችሁ? ምንም አልከበዳችሁም አይደል? እንግዲያው ያ ምንም ያልመሰላችሁ ነገር አባቴን ሊነጥቀኝ ነበር። ለነገሩ ብቻውን አይደለም፣ እኔም አግዤዋለሁ። በምን ቢሉ፣ በጉርሻ!

አባዬ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ነው ያሳደገን። ታዲያ መንገዱን የሚያስታውሰው በኪሎ ሜትር አይደለም፣ በምግብ ነው። ደብረ ብርሃን ቁርስ፣ ደብረ ሲና ቆሎ፣ ሸዋ ሮቢት ፍራፍሬ፣ ኮምቦልቻ ጥብስ። ረዳቶቹ «ከእሱ ጋር ሄዶ ሳይወፍር የተመለሰ የለም» ይሉ ነበር። ጡረታ ወጥቶ ቤት ከዋለ በኋላም እንግዳ ሳያጎርስ ሲሸኝ አይቼው አላውቅም። የሱ ጉርሻ ደግሞ ተራ ጉርሻ እንዳይመስላችሁ፣ ጡጫ ነው!

በ2015 ዓ.ም. በቃና ዘገሊላ ዕለት ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ስትሮክ ነው። ግራ እጁና ግራ እግሩ እምቢ አሉ፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ፣ ንግግሩ ተኮላተፈ። አንድ ሐኪም ቤት አሥራ ሁለት ቀን ተኛ። እዚያ በአፍንጫው ባስገቡለት ቱቦ ነበር የሚመገበው። ሊወጣ ሲል ቱቦውን አወጡለት፣ የደም ግፊት መድኃኒት ሰጡን፣ ለእጅና ለእግሩ ፊዚዮቴራፒ አዘዙልን፤ በቃ። ስለ መዋጥ የነገረን ሰው አልነበረም። ወይም ነግረውን ይሆናል፤ እኛ ግን ዓይናችንም ልባችንም እጅና እግሩ ላይ ነበር።

ቤት ከገባን በኋላማ ምኑን ልንገራችሁ። የኛ ሰው በሽተኛ ሲጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣም። አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ ሾርባው፣ ብርቱካኑ እንደ ጉድ ይጎርፋል። ያመጣው ሰው ሁሉ ደግሞ በእጁ ካላጎረሰ አይሄድም። አባዬ ትራስ ላይ ተጋድሞ አፉን ይከፍታል፣ ይቀበላል፣ ያኝካል፣ ያኝካል፣ ያኝካል… ከዚያ ትን ይለዋል። እኛ ቤት ሰው ትን ሲለው «ማነው ስምህን ያነሳው?» ይባላል። እናም እንስቃለን። «ደሴ ያሉ ውሽሞችህ ናቸው» ትለዋለች እማዬ። እሱም ዓይኑ እንባ አቅርሮ አብሮን ይስቃል። ከዚያ ቶሎ ብለን ውሃ እንሰጠዋለን። ውሃው ሌላ ትን ያመጣል። እኛም ሌላ ውሃ!

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ምልክቱ ሁሉ ፊታችን ተደርድሮ ነበር። ከበላ በኋላ ድምፁ ይለወጣል፣ ጉሮሮው ውስጥ ውሃ የሚፈላ ይመስል «ክርክርክር» ይላል። በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ምሳ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከበላ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሽባው በኩል ጉንጩ ውስጥ ሩዝ ተወትፎ ይገኛል። ሱሪው ወገቡ ላይ መዞር ጀመረ። አንዲት ጎረቤታችን «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ የሚያነሱ ሴትዮ አውቃለሁ» አለችን። እግዜር ይስጣት፣ ሴትዮዋ ለቅሶ ሄደው ሳናገኛቸው ቀረን እንጂ እሱንም አናስቀርበትም ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። አባዬ በሕይወቱ ሙሉ መንገደኛ ነኝ እያለ ጾም የሚሸሽ ሰው፣ «ዘንድሮ እጾማለሁ» አለን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምስም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆንም ሁለት ጉርሻ ቀምሶ «ጠገብኩ» ነው። ንስሐ አባቱ መጥተው «ታመሃል እኮ፣ ብላ» ቢሉትም አሻፈረኝ አለ። እማዬ «እግዚአብሔር ልቡን መለሰለት» ብላ ደስ አላት። እኔ ግን ተናደድኩ። ሰውየው እያለቀ ነው! እናም አንድ ሐሙስ ማታ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የማበላው ብዬ ቁጭ አልኩ። የጾም ሽሮ ነው፣ ጥሩ ሽታ አለው። እንጀራውን ጠቅለል አድርጌ ያስተማረኝን ዓይነት ጡጫ ጉርሻ ሠራሁና «በሞቴ!» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «በሞቴ ስልህ!» አፉን ከፈተ።

እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ሳል የለ፣ ድምፅ የለ። ዓይኑ ብቻ ፈጠጠ፣ ከንፈሩ ጠቆረ። እማዬ ስትጮህ ጎረቤት ገብቶ ከወገቡ አጎንብሶ ጀርባውን በመዳፉ ደጋግሞ መታው፣ ጉርሻው ተመልሶ ወጣ። እኔ ምን አደረግሁ? ውሃ ሰጠሁት!

በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። ሐኪም ቤት ስንደርስ የሳንባ ምች ነው አሉን። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መብራቱ ዘርግቶ በቀኝ ሳንባ ታች ያለውን ነጭ ዳመና እያሳየን «ምግብና ውሃ ወደ ሳንባው ሲገባ ከርሟል» አለን። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግማሽ ያህሉ በደንብ መዋጥ እንደሚያቅታቸው የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሳል የሌለው ትንም እንዳለ ያን ቀን ሰማሁ። ጉሮሮው ስለደነዘዘ ውሃው ወደ ሳንባ ሲወርድ ሰውየው አይሰማውም፣ አያስልም፣ ዝም ብሎ ይታመማል።

አንድ ሳምንት ተኝቶ ተሻለው። ሐኪሙም ወደ አንዲት የንግግር ሕክምና ባለሙያ መራን። «የንግግር» ሲባል ስለ ኮልታፋነቱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መዋጥንም የሚያክሙት እነሱ ናቸው። በአገራችን ቁጥራቸው በጣም ጥቂት ስለሆነ ለማግኘት ደጅ ጠንተናል። በኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ናት። መጀመሪያ ለአባዬ ሳይሆን ለኔ «ጣትህን ማንቁርትህ ላይ አድርግና ዋጥ» አለችኝ። ዋጥኩ። ማንቁርቴ ብድግ አለና ተመልሶ ወረደ። እናንተም ሞክሩት።

«አየህ?» አለችኝ። «አንዴ ስትውጥ ከ30 በላይ ጡንቻዎች ተራቸውን ጠብቀው ይሠራሉ። ማንቁርት ወደ ላይና ወደ ፊት ሲነሳ የአየር ቧንቧው ይዘጋል፣ የምግብ ቧንቧው በር ይከፈታል፣ ትንፋሽም ለቅጽበት ቆም ይላል። ሁሉም አንድ ሰከንድ ያህል ነው። የአባባ ማንቁርት ግን ግማሽ መንገድ ተነስቶ ይቀመጣል። በሩ ሳይከፈት፣ ክዳኑም ሳይገጥም ውሃው ይደርሳል። ውሃ ቀጭን ነው፣ ይሮጣል። አጥሚት ግን ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ለደከመ ጡንቻ ጊዜ ይሰጣል።»

አባዬ ከአልጋው ላይ ሆኖ በተኮላተፈ አንደበቱ «ውሃ ማለት ጣርማ በር ላይ ፍሬን የበጠሰ መኪና ነው በይኛ!» አላት። ልጅቷ ጣርማ በርን አይታ ታውቅ እንደሆን እንጃ፣ ግን ስቃ «ልክ ነዎት፣ እኛ ፍሬኑን ልንጠግን ነው» አለችው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወዳጆች ሆኑ።

ጥገናው ምን መሰላችሁ? ስፖርት! እንደ እጅና እግር ሁሉ የጉሮሮ ጡንቻም ካልሠራ ይኮሰምናል፣ ከሠራ ይጠነክራል። ከአገጫችን ሥር፣ ከማንቁርት ከፍ ብሎ፣ የፈረስ ኮቴ የመሰለች ትንሽ አጥንት አለች። ከሌላ አጥንት ጋር አትገጣጠምም፣ በጡንቻና በጅማት ብቻ ተንጠልጥላ ነው ያለችው። ማንቁርትን ወደ ላይ የሚጎትቱት እሷን ከአገጭ ጋር ያያያዟት ጡንቻዎች ናቸው። የስፖርቱ ጣጣ ሁሉ እነዚያን ማጠንከር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ባዮሎጂ ላይ ጥሩ ውጤት ነበረኝ፤ ይቺን አጥንት ግን አንድም ቀን አስታውሻት አላውቅም።

የመጀመሪያው «ሻከር» ይባላል። የመጣው ዶክተር ሬዛ ሻከር ከሚባሉ አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከሚሠሩ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ በጤነኛ አዛውንቶች ላይ፣ በ2002 ደግሞ በቱቦ ይመገቡ በነበሩ ሕመምተኞች ላይ ያገኙትን ውጤት አሳትመዋል። አሠራሩ ሲያዩት ያስቃል። ያለ ትራስ በጀርባ መተኛት፤ ትከሻ ሳይነሳ ጭንቅላትን ብቻ አንስቶ የእግር ጣትን ማየት፤ 60 ሰከንድ እንደዚያ ሆኖ መቆየት፤ 60 ሰከንድ ማረፍ፤ ይህንን 3 ጊዜ። ከዚያ ሳይቆዩ 30 ጊዜ ማንሳትና መመለስ። በቀን 3 ጊዜ፣ ለ6 ሳምንት። «ቀላል ነው» ብዬ ወለሉ ላይ ተጋደምኩና ሞከርኩት። 40ኛው ሰከንድ ላይ አንገቴ በንዝረት እንደ ስልክ ተንቀጠቀጠ! አባዬ በመጀመሪያው ቀን 7 ሰከንድ ነው የቆየው። «ስሙም ሻከር፣ ሥራውም ሻካራ» አለና ተኛ።

ከመጀመራችን በፊት ባለሙያዋ ግፊቱን ለካች፣ አንገቱን አየች፣ ከሐኪሙም ጋር ተነጋገረች። ይቺን ልብ በሉልኝ። አንገቱ ላይ ችግር ላለበት ወይም በጉሮሮው መተንፈሻ ለተቀደደለት ሰው ይህ ስፖርት አይሆንም። ግፊቱ ላልተረጋጋ ደግሞ ሐኪም ሳይፈቅድ አይሞከርም።

እናላችሁ አባዬ በአራተኛው ቀን ሳሎን ወለል ላይ ተዘርግቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ፊቱ ቀልቶ ጭንቅላቱን አንስቶ ሳለ፣ ያቺው የእንጥል ጎረቤታችን ሳታንኳኳ ገባች። እኔ ስልኬን ይዤ ሰከንድ እቆጥራለሁ፣ እማዬ አጠገቡ ተንበርክካለች። ሴትዮዋ ያየችው እያጣጣረ ያለ ሰው ነው። «ኡኡኡ! ጋሽዬን!» ብላ ወጣች። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ግቢው ሞላ። አንዱማ ነጠላውን ዘቅዝቆ ነው የመጣው! እኛ ስቀን ልንሞት ነው፣ አባዬ ግን አልሳቀም። ተነስቶ አልጋው ላይ ወጣ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሁለት ቀን «ስፖርት» የሚለውን ቃል መስማት አልፈለገም።

በሁለተኛው ቀን ማታ ብቻችንን ስንሆን ተቆጣሁት። ጮህኩበት ብላችሁ ይሻላል። «ቱቦው እንዲመለስብህ ነው የምትፈልገው?» አልኩት። ብዙ ዝም ብሎ ቆየና ወደ ግድግዳው እንደዞረ «ጾሙን እኮ አልጾምኩትም» አለኝ። «ምን ማለትህ ነው?» «ፈርቼ ነው። ውሃ ሲያቀርቡልኝ እፈራለሁ። ጉርሻ ይዘው ሲመጡ እፈራለሁ። ስንት ሰው አጉርሼ፣ አሁን መዋጥ የማይችል ሰው ሆኜ ልታይ?» ከዚያ ደግሞ ቀስ ብሎ «አንተንም ፈርቼህ ነበር፣ ያን ሐሙስ» አለኝ።

ምን ይባላል? እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ይህ ሰው ጣርማ በርን በጉም እየነዳ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። ከአጠገቡ ጋደም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ትራሱን አውጥቶ ወረወረና ጭንቅላቱን አነሳ። 11 ሰከንድ።

ባለሙያዋ ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ የሆነውን ነገርናት። «መተኛቱ ካሳፈረዎት ተቀምጠው የሚሠሩት አለ» አለች። ኳስ ነው! ቀጥ ብሎ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ለስላሳ የልጆች ኳስ በአገጭና በደረት መካከል ማድረግ፣ አገጭን ወደ ታች ጫን አድርጎ ኳሷን መጨፍለቅ። ጨፍልቆ መቆየት፣ ከዚያ ደግሞ መጫንና መልቀቅ፣ መጫንና መልቀቅ። ሲንጋፖር ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ከተኝቶው ጋር አስተያይተውት እነዚያኑ ጡንቻዎች በደንብ እንደሚያሠራ አሳትመዋል፤ ለሕመምተኛው ደግሞ ይቀለዋል። ኳሱ ከየት ይምጣ? የጎረቤት ልጅ ቀይ የፕላስቲክ ኳስ አለችው። ተዋስናት። ትንሽ አየር አስተነፈስናት። አባዬ ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥን የሚያየው ኳስ በአገጩ ይዞ ሆነ። የሚመጣ ሰው ቢያየው «ምን እያደረግህ ነው?» ሲሉት «ጎል ጠባቂ ነኝ» ይላቸዋል።

«ማሳኮ» የሚባልም አለ። የምላስን ጫፍ በፊት ጥርሶች መካከል ቀስ አድርጎ ይዞ ምራቅን መዋጥ ነው። ሞክሩት፣ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታያላችሁ። ምላስ ስለተያዘ የጉሮሮው የኋላ ግድግዳ ወደ ፊት ገፍቶ መሥራት ግድ ይሆንበታል። አባዬ «ማሲንቆ» ነው የሚለው። «ማሲንቆዬን ልምታ» ካለ ምላሱን ነክሶ ይቀመጣል። ግን አደራ፣ ማሲንቆ በባዶ አፍ፣ በምራቅ ብቻ ነው! ምግብ ወይም ውሃ ተይዞ ፈጽሞ አይደረግም። ምላስ በተያዘበት መዋጥ እራሱ ምግብን ወደ አየር ቧንቧ ሊልክ ይችላል።

ሌላው «በጉልበት መዋጥ» ነው። ሲውጡ የጉሮሮን ጡንቻ ሁሉ ጭምቅ አድርጎ፣ ትልቅ ኪኒን እንደሚውጥ ሰው። ይህንን በምራቅም፣ በኋላ ደግሞ እሷ በፈቀደችው ምግብም ሠርቶታል። ማንቁርት ሲነሳ ላይ እንዳለ ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ያዝ የሚባልበትም አለ፣ «ሜንደልሰን» ይሉታል። እሱን አባዬም እኔም አልገባንም፣ ተውነው። ትንፋሽ ይዞ የሚዋጥበት ዓይነትም አለ። እሱን ባለሙያዋ አላሠራችንም፤ ልብ ላይ ችግር ካለ አደጋ አለው ብላ።

ስፖርቱ ብቻውን ግን ምንም አይደለም። የቤቱ ሕግ ሁሉ ተለወጠ። ተጋድሞ መብላት ቀረ፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ነው። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት አይተኛም። ሲውጥ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ ያደርጋል፤ ይሄ ለሁሉም አይሠራም፣ ለእሱ ግን አይታ ነው ያዘዘችለት። አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ መዋጥ፣ ከዚያ «አ…» ብሎ ድምፁን ማሰማት፣ ድምፁ ከረጠበ ጉሮሮውን አጽድቶ ደግሞ መዋጥ። ቆሎ ክልክል፣ ውስጡ ቁራጭ ያለበት ሾርባም ክልክል፤ ቀጭኑና ወፍራሙ ተቀላቅለው ሲመጡ ጉሮሮው ለየትኛው እንደሚዘጋጅ ግራ ይገባዋል። ጥርስና ምላስ ከምግብ በፊትም በኋላም ይቦረሻሉ። እኔ ይሄኛው ለጽዳት መስሎኝ ነበር። ለካ ምራቅ ራሱ ወደ ሳንባ ስለሚወርድ፣ የቆሸሸ አፍ ማለት የተዘጋጀ የሳንባ ምች ማለት ነው!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። ይህን ታሪክ ያጫወትኳት ጓደኛዬ «እናቴም እኮ እንጀራ ይቀርባታል፣ ኳስ ልግዛላት?» አለችኝ። የት ላይ ነው የሚቀርባት ስላት፣ ደረቷን አሳየችኝ። መጀመሪያ ሥጋ፣ ከዚያ እንጀራ፣ አሁን ለስላሳውም እየቀረ ነው አለች። «ኳሱን ተይውና ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ውሰጃት!» አልኳት። ደረት ላይ የሚቀር፣ ከጠንካራ ጀምሮ ወደ ለስላሳ እየባሰ የሚመጣ ነገር የጡንቻ ድክመት አይመስልም፤ የምግብ ቧንቧው ጠቦ ይሆናል፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። በተለይ አርሲና ባሌ አካባቢ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት እንደሚታይ የአገራችን ሐኪሞች ጽፈዋል። ያ በካሜራ ይታያል እንጂ በአገጭ ኳስ ሲጫኑ አይድንም። ጡንቻቸው በሕመም እየሟሸሸ የሚሄድ ሰዎችም አሉ፤ ለእነሱ እንዲህ ያለ ከባድ ስፖርት ማድከም ብቻ ይሆናል። እና ከዚህ ጋዜጣ አንብባችሁ ሽማግሌ አባታችሁን ወለል ላይ እንዳታጋድሙብኝ!

ፋሲካ ሚያዝያ 8 ቀን ዋለ። አምስት ሳምንት ተኩል ሆኖናል። አባዬ 60 ሰከንዱን ሁለት ጊዜ ይዞታል፣ ሦስተኛው ላይ ነው የሚወድቀው። እማዬ የዶሮውን ሥጋ ከአጥንቱ ለይታ፣ እንደ ክር ቦጫጭቃ፣ በመረቅ አርሳ ከለስላሳ እንጀራ ጋር ፈተፈተችለት። ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ፣ አገጩን ዝቅ አድርጎ፣ በማንኪያ። አንድ። ዋጠ፣ ደግሞ ዋጠ፣ «አ…» አለ። ድምፁ ደረቅ ነው። ቤቱ ሁሉ የሱን ጉሮሮ እያየ ነው፤ እኛም ምራቃችንን አብረን እንውጣለን።

አጎቴ ይህን ሁሉ አያውቅም። ከክፍለ ሀገር ያን ቀን ጠዋት ነው የገባው። እጁን ታጥቦ፣ ዶሮውን ከነእንቁላሉ ጠቅልሎ፣ የዘር ነውና ያንኑ ጡጫ ሠርቶ ተነሳ። «በሞቴ!» እኔ ከወንበሬ ተስፈንጥሬ ልይዘው ስል አባዬ ደህናውን እጁን ከፍ አደረገ። «ሳህኑ ላይ አስቀምጥልኝ። በጊዜዬ እበላዋለሁ» አለው። አጎቴ ፊቱ ጠቆረ። «ምነው፣ ናቅኸኝ?» ጉርሻው አየር ላይ ቀረ። እኔ ቧንቧውን፣ በሩን፣ ክዳኑን ላስረዳ ስንተባተብ አባዬ አቋረጠኝና «ወንድሜ፣ ፍሬኔ ገና አልያዘም» አለው። አጎቴ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከ ዛሬም ያን ቀን ረስቶታል ብዬ አላምንም።

ሙሉውን ምስጋና ለኳሷ አልሰጥም። ከስትሮክ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መዋጡ በራሱ የሚመለስላቸው ብዙ ናቸው፣ አባዬም ጥቂቱን ከዚያ አግኝቶ ይሆናል። ግን ከሰባት ሰከንድ ወደ ስልሳ የሄደው ቁጭ ብሎ አይደለም። ዛሬ እንጀራ ይበላል፣ ሥጋም በደቃቁ ከተከተፈ ይበላል። ውሃ በትንሽ በትንሹ ነው። ቡና ይጠጣል፣ ግን በመጠጣት ላይ እያለ የሚያናግረውን ሰው በዓይኑ ይገላምጠዋል። ቆሎ አልተመለሰም። በደብረ ሲና ያለፈ ሰው ቆሎ ይዞለት ሲመጣ ተቀብሎ ያሸተዋል፣ ከዚያ ለኔ ይሰጠኛል።

ስድስቱ ሳምንት ካለቀ ቆየ። ባለሙያዋም ቀንሱ ብላናለች። እሱ ግን በሳምንት ሦስት አራት ቀን ማታ ማታ አይተዋትም። ቀዩዋን ኳስ ለልጁ መልሰን ለራሱ ሌላ ልንገዛለት ብንል «የለመድኳት እሷን ነው» አለ። ስለዚህ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኳሱን ፍለጋ እኛ በር ላይ ይቆማል። ትናንትም መጥቶ ነበር። አባዬ በአገጩ ይዟት፣ ዓይኑን ዜናው ላይ ተክሎ፣ ጣቱን ወደ ልጁ አንስቶ «ቆይ» አለው። ልጁም በሩን ተደግፎ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ፤ «ሃያ አንድ… ሃያ ሁለት… ጋሽዬ፣ ቶሎ በሉ፣ እየመሸብኝ ነው!»